አልበራም ያለችው የእትዬ ዘሃራ ማጫወቻ

ባለፈው ጥቅምት ከደሴ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጀውሃ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ እስኪቀይር ድረስ ወርደን ጥላ ጥላውን ያዝን። አንዲት ሴት መንገድ ዳር ተቀምጣ ጥንቅሽ ትሸጥ ነበር። አንድ አገዳ ወሰድኩና እንደ ድሮዬ በጥርሴ መላጥ ጀመርኩ። ጥንቅሽ ሲላጥ ከጣፋጩ ውሃ በፊት የሚመጣው የቅርፊቱ ሽታ ነው፤ ዝናብ የጠጣ ቅጠል፣ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ፀሐይ ያለበት ሽታ። እሱ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ከንፈሬ መቆረጡን እንኳ ልብ አላልኩም። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ማማ ላይ ከእትዬ ዘሃራ ጎን የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ቤታችን ከሸዋሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነበር። የእኛን ማሽላና የእትዬ ዘሃራን ማሽላ የሚለያቸው አንድ ረድፍ ጥንቅሽ ነው። እሷ ባሏ ስለሞተባት አባቴ መሬቷን ያርስላታል፤ እሷ ደግሞ በፋንታው ሁለቱንም ማሳ ከወፍ ትጠብቃለች። ማማው ድንበሩ ላይ የተተከለ ነበር፤ ከታች የግራር ቋሚ፣ ከላይ የእንጨት ርብራብ፣ ከዚያ የሣር ጥላ። ያን ዓመት እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ አራስ ስለነበረች፣ ጠዋት ተምሬ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘሃራን እንዳግዝ ተላክሁ።

እትዬ ዘሃራ ረጅም፣ ከሲታ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች። አንቱ የሚላትን አትወድም፤ «ያስረጀኛል» ትላለች። ስለዚህ አንቺ እያልኳት አደግሁ። ግሪሳ ወፍ ከወንዙ በኩል እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ሲመጣ ከመቀመጫዋ ተነስታ ጅራፏን ታጮሃለች፤ ወፉ ሽቅብ ተገልብጦ ወደ ሌላ ሰው ማሳ ይሄዳል። ከዚያ እንደ ባለጌ እንግዳ ትቆጣዋለች። «ትናንት በላችሁ፣ ዛሬም መጣችሁ፤ ቤት የላችሁም እንዴ?» ትላለች። እኔ ወንጭፌን ይዤ እስቃለሁ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ከማማው ትወርድና «ሙሉ፣ ማሳውን ለአንቺ ሰጥቻለሁ» ትለኛለች። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ የእኔ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን አይገባኝም ነበር። ከማማው ላይ አስፋልቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ የጅቡቲ ተሳቢ፣ ቦቴ፣ አውቶቡስ ሲመላለስ ይውላል። ለእኔ ከዚያ የበለጠ የሚታይ ነገር አልነበረም። እትዬ ዘሃራ ሁልጊዜ ጀርባዋን ለአስፋልቱ ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። ፀሐዩ አስቸግሯት ይመስለኝ ነበር። መኪና ቆጥሬ ልነግራት ስል «ወፍሽን ጠብቂ» ትለኛለች። ስለዚህ የማየውን ለራሴ አስቀራለሁ። ትንሿ ድልድይ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ፍጥነቱን ስለሚቀንሰው ሰማያዊ ተሳቢም አልነገርኳትም። ሌሎቹ እየተፈተለኩ ሲያልፉ እሱ ብቻ ያዘግማል። ድልድዩን የሚፈራ መኪና ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ባሏን መኪና የገጨው እዚያችው ድልድይ ጋ መሆኑን የነገረችኝ እናቴ ናት። ሰይድ፣ አንድ ልጇ፣ ያን ጊዜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም ነበር አሉ። ሰይድ አደገና ምን ይሁን? የከባድ መኪና ረዳት። የሄደ ዕለት በአጥራችን በኩል የሰማሁት ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «አባትህን የበላው ላይ ነው የምትወጣው? መኪናው ላይ ከወጣህ እኔን እናቴ ብለህ እንዳትጠራኝ» አለችው። እሱ ትንሽ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ አስፋልቱ ሄደ። እሷ ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ስሙን ስትጠራ አልሰማሁም።

መስከረም ገብቶ ማሽላው ወተት ሲይዝ፣ አንድ ተሳቢ ከማሳችን ትይዩ ቆሞ ጥሩንባውን ደጋገመ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እትዬ ዘሃራ የሚባሉ እዚህ አሉ?» ሲል እኔ ሮጥኩ፣ እሷም ቀስ ብላ ተከተለችኝ። ሰውዬው በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አቀበላት።

«ልጅዎ ሰይድ ነው የላከው» አለ። «ሙዚቃ ማጫወቻ ናት። ድምፁን ቀርጾባታል፤ የምነግራት ነገር አለ፣ ትስማኝ ብሏል። ይቺን ጫን ሲያደርጓት ትበራለች።»

እትዬ ዘሃራ ካልሲውን እንደ ጋለ ብረት በሻርፏ ጫፍ ነው የተቀበለችው። «ደህና ነው?» አለች ብቻ።

«ደህና ነው፤ ወፍሯል» አለና ከኋላው ያሉት መኪኖች ሲጮሁበት ሄደ።

ካልሲው ውስጥ ያለችው ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር ነበረች። ፊቷ ላይ እንደ አውራ ጣት ጥፍር የምታህል መስታወት፣ ጎኖቿ ላይ ጥቃቅን ቁልፎች፣ ከጀርባዋ የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያ አላት። ገመዷ ወደ ሁለት ተከፍሎ ጫፉ ላይ የጆሮ ማዳመጫ አለው። እትዬ ዘሃራ ያን ዕለት አልነካቻትም። መልሳ ጠቀለለቻትና ማማው ላይ ከውሃ ቅሏ አጠገብ አንጠለጠለቻት። እኔ ከወፉ ይልቅ ካልሲውን ስጠብቅ ዋልኩ።

የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ሰውዬው «ድምፁን ቀርጾባታል» ነው ያለው። እኔ ደግሞ ቀረጻ የማውቀው አባቴ እንጨት ሲቀርጽ ነው፤ የተቀረጸው ከግንዱ ይወጣል፣ ግንዱም ይጎድላል። እንግዲህ ሰይድ ድምፁን ከራሱ አውጥቶ እዚህ ውስጥ ከጨመረ፣ አሁን በምን ይናገራል? በየከተማው አፉን እየከፈተ ምንም የማይወጣው ሆኖ ታየኝ። ወሬው የጠፋው ለካ ለዚህ ነው አልኩ። ቶሎ ተከፍታ ድምፁ ካልወጣለት ዲዳ ሆኖ ሊቀር ነው።

እንደ ዕድል ሆኖ እትዬ ዘሃራም ብዙ አልቻለችም። በማግስቱ ገና ማማው ላይ ሳልደላደል «ነይ እስቲ፣ አንቺ ተማሪ ነሽ» አለችኝ። ሾፌሩ ያሳየንን ቁልፍ ተጫንኩ። ምንም የለም። እሷ ተጫነች፣ ምንም። ሌሎቹን ቁልፎችም አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለቱን ሞከርን። መስታወቷ እንደ ጠቆረ ቀረ።

«እንቢ አለች» አልኳት።

«ተኝታ ይሆናል» ብላ ቀለደች እትዬ ዘሃራ፤ እኔ ግን አመንኳት።

አባቴ ለሬዲዮናችን የሚያውቀው መድኃኒት ነበረው። ባትሪ ድንጋዩን አወጣና በጥርሱ ነከስ ነከስ አድርጎ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ቆላ ነውና ወዲያው ጋለ። መልሶ ከተተው። አልበራም። አገላብጦም ከተተው፤ አልበራም። «ድንጋዩ አልቋል፣ ሌላ ነው የሚፈልገው» አለ። የእኛ ቤት ድንጋይ ሁሉ የእጅ ባትሪ ወፍራም ነው። ይህ ግን ከጣቴ የማይወፍር ቀጭን ስለሆነ በመንደሩ ብንዞርም አጣን።

የጀውሃ ገበያ ዕለት እትዬ ዘሃራ ይዛኝ ሄደች። እትዬ አስካለ የምትባል ሴት መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት፤ ቴሌቪዥን ስላለው ሾፌሮች እዚያ መቆም ይወዳሉ። እትዬ ዘሃራ ጓዳ ድረስ ገብታ ችግሯን ስትነግራት፣ እትዬ አስካለ ሳታመነታ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አነሳችና ጀርባውን ከፈተችው። ያው ቀጭኑ ድንጋይ ነበር። «ውሰጂው፤ ቴሌቪዥኑን ቆሜ እቀይራለሁ» አለች። እዚያው ከተትነው። ሾፌሮቹም ምሳቸውን ትተው ተሰበሰቡ። አንዱ «ረጅም መጫን ትፈልጋለች» አለና ጣቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ተጫናት። ሌላው ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቃት። ሦስተኛው «ገመድ ነበራት፤ ከኮምፒዩተር የሚያገናኛት ገመድ» አለ። ገመድ አልተላከም። መስታወቷ ጠቆር ብላ ታየናለች።

«እንግዲህ ሸዋሮቢት ጥገና ቤት አለ» አለች እትዬ አስካለ። «ድንጋዩ ግን እዚያው ይቆይ፤ አትመልሽልኝ።»

መስቀል ካለፈ በኋላ ሸዋሮቢት ሄድን። ጥገና ቤቱ የፀጉር ቤት አጠገብ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች ግድግዳውን ሞልተውታል። የተቃጠለ ሽቦና የሽንኩርት ሽታ ይሸታል፤ ሽንኩርቱ ከደጅ ከሚጫነው መኪና ነው። ሰውዬው ትሕትና ያለው ሰው ነበር። በቀጭን ብሎን መፍቻ ከፈታት፣ በብሩሽ ጠረጋት፣ አንዲት መርፌ የመሰለች ነገር እዚህም እዚያም አስነካት። ከዚያ መልሶ ገጠማትና ራሱን ነቀነቀ።

«ሞቷል፣ እናቴ» አለ።

እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ሰይድ ሞተ ብዬ ጮኼ አለቀስኩ፤ የፀጉር ቤቱ ሰው ሁሉ ወጥቶ ከበበኝ። እትዬ ዘሃራ አፌን በእጇ ይዛ ታባብለኝ ጀመር። «ዕቃው ነው፤ ልጄ ደህና ነው። ዕቃው ነው የሞተው» ትለኛለች። ለእኔ ብቻ የምትናገር አትመስልም ነበር። መንገድ ላይ ደግሞ ድንገት ቆመችና «ውስጧ ያለውስ?» አለች። የምትጠይቀው እኔን ነው።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘሃራ በራሷ መንገድ ታክማት ጀመር። እርጥበት ገብቷት እንደሆነ ብላ ደረቅ ማሽላ በሞላ ቅል ውስጥ ቀብራ አሳደረቻት። የባትሪው ማስገቢያ ላይ ያለችው ሽቦ ዝጋ እንደሆነ ብላ በሎሚ አሸቻት። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳታደርግ ብብቷ ውስጥ ይዛት ትውላለች፤ የታመመ ጫጩት እንደማሞቅ ዓይነት። በየቀኑ አንድ ጊዜ ቢስሚላህ ብላ ትጫናታለች። መስታወቷ ላይ የሁለታችንም ፊት ብቻ ይታያል። ማሽላው በበኩሉ ወተቱን ጨርሶ እየጠነከረ፣ ራሱ እየቀላ ሄደ። እኔ ጥንቅሽ እየላጥኩ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለእሷ አቀብላለሁ። በዝምታ እናኝካለን። ከሰው ጋር ዝም ማለት ደስ እንደሚል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይመስለኛል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሎሚው ማጫወቻዋን አጣብቋት ስለነበር እትዬ ዘሃራ የሻርፏን ጫፍ ውሃ ነክራ ትወለውላት ጀመር። ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን። ጎኗ ላይ ቁልፍ የማትመስል፣ እንደ ስንጥር የቀጠነች ነገር ነበረች፤ የሽፋኗ ጌጥ ብለን ማናችንም ጣታችንን አላሳረፍንባትም። ሻርፑ ሲያልፍባት ሸርተት አለችና ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ዘሃራ ልብ አላለችውም። ሾፌሩ ያሳየን ቁልፍ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቢስሚላህ ብላ ተጫነች። መስታወቷ ሰማያዊ ሆነች።

ማጫወቻዋ ኪስ ውስጥ ሳለች እንዳትነካካ ተብሎ በዚያች ቀጭን ነገር የምትቆለፍ መሆኗን ያወቅነው ኋላ ላይ ነው። ለካ ከመጀመሪያው ተቆልፋ ነበር የመጣችው። እትዬ ዘሃራ አንዱን ማዳመጫ በእኔ ጆሮ፣ አንዱን በራሷ ጆሮ አደረገች። ገመዱ አጭር ስለነበር ጉንጫችን ተነካካ።

መጀመሪያ የመጣው የሞተር ድምፅ ነው። ከዚያ ጉሮሮ ጠረግ የማድረግ ነገር። ከዚያ ሰይድ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሾፌሩ ምሳ እየበላ ነው፤ እኔ መኪናው ውስጥ ነኝ። አትጥሪኝ ብለሽኛል፤ ግን ሌላ ምን ብዬ ልጥራሽ? አባዬን የወሰደው መኪና መሆኑን ረስቼ አይደለም እዚህ የወጣሁት። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ሾፌሩን ቀስ በል እለዋለሁ። አሁንማ ለምዶ ሳልነግረውም ይቀንሳል። ማማሽን አየዋለሁ። አንቺ ግን ዞረሽ ነው የምትቀመጪው።»

እትዬ ዘሃራ እጄን ያዘች።

«ከመስቀል በኋላ ያለው ጁምዓ ጀውሃ እንቆማለን። ቴሌቪዥን ያለበት ምግብ ቤት ቀኑን ሙሉ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ አልማርሽኝም ማለት ነው፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም። ከዚያ ወዲያ በዚህ መንገድ አንሠራም፤ ጭነታችን በሌላ በኩል ሊሆን ነው።» ሞተሩ ብቻ ይሰማል። «ማሽላው እንዴት ነው? ወፍ አስቸገረሽ?»

ከዚያ ዘፈን ጀመረ።

ቀና ስል ግሪሳው ማሳው ላይ ነበር። የእሷም የእኛም ማሽላ ዛላው እስኪጎብጥ ድረስ ጠቁሮ ወፍ ሆኗል። ፍሬ ሲፈለፈል የሚሰማው ድምፅ እንደ ካፊያ ነው።

«እትዬ፣ ወፍ» አልኳት።

«ይብሉ» አለች። ከዚያ ደግሞ «ጁምዓው አልፏል፣ አይደለም?»

«አልፏል።»

«ድልድዩ ጋ የሚቀንስ መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰማያዊ ነው። ሁልጊዜ ይቀንስ ነበር። አሁን ብዙ ቀን ሆነው፣ አላየሁትም» አልኳት። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ ድልድዩን ማየት ጀመረች። ሰይድ በዚያች ሳጥን ውስጥ ስለሚያወራ አሁን ድምፅ የለው እንደሆነ የጠየቅኋትም ያን ጊዜ ነው። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። «እንደ ጥላ ነው» አለችኝ። «ጥላሽ መሬት ላይ ቢወድቅ አንቺ አትጎድዪም።» ከልቤ ትልቅ ድንጋይ ወረደልኝ።

አባቴ ወፉን አይቶ ጅራፉን ይዞ እየሮጠ መጣ። ሊቆጣ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። እኔ የሰማሁትን እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ወዲያው ማማው ላይ ወጣና «እትዬ ዘሃራ፣ ሂጂ» አላት። «ማሳውን እኔ አለሁበት።»

ጀውሃ ስንደርስ እትዬ አስካለ ታሪኩን ስትሰማ ጨርቋን ከእጇ ጣለች። «ያ ልጅ ያንቺ ነበር?» አለች። «እዚያ ጥግ፣ በሩን እያየ፣ ሻይ ብቻ እያዘዘ ዋለ። ምግብ አልቀመሰም። ሴት ስትገባ ሁሉ ብድግ ይል ነበር። ሰው ቀጥረህ ነው ብለው ሌላ ሻይ ብቻ አዘዘ። እኔ ምን አውቄ ዘሃራ? ስሙን እንኳ ብትነግሪኝ፣ ድንጋዩን ከሪሞቱ ያወጣሁት ለእሱ መሆኑን እነግረው ነበር።»

እትዬ ዘሃራ ጥጉ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ብዙ ቆየች። ስትነሳ ግን ወደ ቤት አልሄደችም፤ ወደቆሙት ተሳቢዎች ሄደች። ከዚያ በፊት መኪና አጠገብ ስትቆም አይቻት አላውቅም። የመጀመሪያውን ሾፌር በሩ ላይ ያዘችው።

«ሰይድ የሚባል ረዳት ታውቃለህ?»

«እናቴ፣ ሰይድ የሚባል ረዳት ስንት አለ መሰለዎት?»

«መኪናው ሰማያዊ ነው። ከዚህ ወደ ሸዋሮቢት ሲል ትንሿ ድልድይ ጋ ቀስ የሚል።»

ሰውዬው ሳቀ። «እሱን ያላወቀ የለም። ያለ ምክንያት እየቀነሰ ሁላችንንም ያቆመን ነበር።»

«ምክንያት አለው» አለች እትዬ ዘሃራ። «ካገኘኸው እንዲህ በለው፦ እናትህ ጠልታህ አልቀረችም፤ ማጫወቻው አልበራ ብሎ ነው።»

ሾፌሩ ሳቁን አቆመ። «ማጫወቻው አልበራ ብሎ ነው» ብሎ ደገመው፣ እንዳይረሳ። «እነግረዋለሁ እናቴ። ባላገኘውም ለሚያገኘው እነግራለሁ።»

ያንኑ ቃል ለሚቀጥለው ነገረች፤ ከዚያ ለቀጣዩ። ገበያ በሆነ ቁጥር፣ አንዳንዴም ሳይሆን፣ ጀውሃ እየሄደች ለሾፌር ሁሉ ትናገር ነበር። እኔ ማማው ላይ ብቻዬን ጅራፍ ማጮህ ተማርኩ። ቃሉ በአስፋልቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ ይታየኝ ነበር፤ በካራቆሬ፣ በኮምቦልቻ፣ ስማቸውን ብቻ በማውቃቸው ቦታዎች ሁሉ ሰው ለሰው «ማጫወቻው አልበራ ብሎ ነው» ሲባባል። ከጊዜ በኋላ የሚያልፉ መኪኖች በማሳችን ትይዩ ሲደርሱ ጥሩንባ ያሰሙ ጀመር። አገኘነው ማለታቸው ይሁን አላገኘነውም፣ ማወቅ አይቻልም። እትዬ ዘሃራ ለሁሉም እጇን ታነሳለች። ፊቷን አዙራ ወደ አስፋልቱ ነበር አሁን የምትቀመጠው።

ድንጋዩ እንዳያልቅ ብላ ማጫወቻዋን አዘውትራ አትከፍትም ነበር። ስትከፍትም ሁሉንም አትሰማም፤ መጨረሻው አካባቢ ብቻ ነው። «ወፍ አስቸገረሽ?» ሲላት «አስቸገሩኝ እንጂ» ብላ ትመልሳለች፣ ፊት ለፊቷ የቆመ ይመስል። ከዚያ አጥፍታ ካልሲው ውስጥ ትመልሳታለች።

ኅዳር ገባ። ማሽላው ደርቆ ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሽ ጀመር። ግሪሳው ከበላው የተረፈውን ልናጭድ አባቴ፣ እናቴ ወንድሜን አዝላ፣ እኔና እትዬ ዘሃራ ወጣን። ከእሷ ማሳ ነበር የጀመርነው። አገዳው ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ አንገት ይበላል፤ እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ጥንቅሹን ለይቼ እሰበስባለሁ። ፀሐይ መሐል አናት ላይ ስትደርስ አንድ ተሳቢ ድልድዩ ጋ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰማያዊ አልነበረም። ቆመ፣ አንድ ሰው አወረደና ሄደ።

ሰይድ ነበር። እውነትም ወፍሯል። በታጨደው በኩል መጥቶ ከማሳው ጠርዝ ላይ ቆመ፤ አላለፈም። አባቴ አየውና ማጭዱን ዝቅ አደረገ። እናቴም ቆመች። እትዬ ዘሃራ ግን የያዘችውን እፍኝ አገዳ ቆርጣ ጨረሰች፣ አስተካክላ መሬት ላይ አስተኛችው፣ ከዚያ ወገቧን ይዛ ቀና አለች።

«እማዬ» አለ ሰይድ። «ነገሩኝ። ሚሌ ላይ ነው የነገሩኝ፤ እኔ እኮ የመሰለኝ…»

«የመሰለህን ሰምቻለሁ» አለች። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ሄደችና ቆመች። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በጣቷ ወደ ጠርዙ አመለከተች። «እዚያ ትርፍ ማጭድ አለ። ያንን ረድፍ ያዝ።»

ሰይድ ጫማውን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ማጭዱን አነሳ። እጁ ማጭድ ረስቷል። አገዳውን ሁለቴ ሦስቴ መትቶ ነው የሚጥለው፤ ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል። እሷ ከጎኑ ባለው ረድፍ ላይ እንደ ሁልጊዜዋ ሳትፈጥን ሳትዘገይ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ቀድማው ትሄድ ጀመር። እኔ ልረዳው ብዬ ስነሳ አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ተያቸው» አለ።

እትዬ ዘሃራ የረድፏ ጫፍ ላይ ደረሰች። ላቧን በሻርፏ ጠረገች። ወደ ቀጣዩ ረድፍ ታልፋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ዞር አለችና የእሱን ረድፍ ከዚያኛው ጫፍ ታጭድ ጀመር፣ ወደ እሱ እየመጣች። እሱም አያት፣ ጎንበስ አለ፣ ቀጠለ። በመሀላቸው ያለው ማሽላ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ።